«መርፌ አለኝ» ብለውኝ ነበር

ሐዋሳ ውስጥ ፋርማሲስት ሆኜ በምሠራበት መድኃኒት ቤት ሰኞ ጠዋት ቀና ብሎ ለማየት እንኳ ጊዜ የለም። የዚያን ዕለት ሰልፉ ከበር ወጥቶ ነበር። ጡረታ የወጡ መምህርት ተራቸው ደርሶ የእንስሳት ሐኪም ማዘዣ ዘረጉልኝ፤ ኤንፒኤች ኢንሱሊን፣ ጠዋት 2 ዩኒት፣ ማታ 2 ዩኒት። የታካሚው ስም በሚጻፍበት ቦታ «ዳማ» ይላል።

«ዳማ ማን ነው፣ እናቴ?»

«ድመቴ ነው።»

ከኋላቸው ለልጁ ኢንሱሊን ሊወስድ የቆመ አባት «ለሰው የጠፋ መድኃኒት ለድመት?» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሳቁስ ይሁን፣ የከፋው እሳቸውን ቶሎ ለመሸኘት መጣደፌ ነበር።

ዳማ የተኮላሸ ወፍራም ወንድ ድመት ነው፤ ለስኳር በሽታ ይበልጥ የሚጋለጡትም እንዲህ ያሉት ናቸው። ለዓመታት ዳቦ በወተት ሲበላ ኖሮ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውኃ አልበቃው አለ፤ እየበላ ከሳ፤ የኋላ እግሮቹ ተረከዝ መሬት እየነካ መራመድ ጀመረ። ስኳሩ የድመትን ነርቭ ሲጎዳ አረማመዱ እንዲህ ይሆናል። ሐኪሙ ዳቦውን አስቁመው ዓሣና ሥጋ አዘዙለት። የሐይቁ ዓሣ ገበያ አሞራ ገደል ለቀረበው ሰው ቆሮሶ ዓሣ ማግኘት ችግር አይደለም።

የማውቀውን በጥድፊያ ነገርኋቸው። ብልቃጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ በረዶ ማስቀመጫው ውስጥ አያስገቡት። ከመቅዳትዎ በፊት በመዳፍዎ መካከል ያንከባሉት እንጂ አይናጡት። መጀመሪያ ይብላ፤ ካልበላ ሐኪሙን ሳይጠይቁ አይውጉት። በትከሻዎቹ መካከል ያለውን ቆዳ ቆንጠጥ አድርገው እንደ ድንኳን ያንሡና ይውጉት። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ካደረጉት ልዩነቱ 12 ሰዓት ስለሆነ አይምታታብዎትም። መርፌ ልጨምር ስላቸው «መርፌ አለኝ፤ ልጄ ከውጭ ልካልኛለች» አሉ። «ጥሩ» አልሁና ቀጣዩን ጠራሁ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። መምህርቷ ዳማን በነጠላ ጠቅልለው፣ ታቅፈውት ገቡ። አንገቱ ተልፈስፍሷል፤ መንጋጋው ይንቀጠቀጣል። የጆሮውን ጠርዝ ጠቅ አድርጌ በወጣችው ጠብታ ስኳሩን ለካሁ፤ 34። ጤነኛ ድመት ብዙውን ጊዜ 80 ገደማና ከዚያ በላይ ይኖረዋል። ለሰው የተሠራ መለኪያ የድመትን ስኳር ዝቅ አድርጎ እንደሚያሳይ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ፊቴ የተዘረረው ድመት ለክርክር ጊዜ አይሰጥም ነበር። መዋጥ ላቃተው እንስሳ አፉ ውስጥ ፈሳሽ ማፍሰስ ወደ ሳንባው መላክ ነው። ስለዚህ የግሉኮስ ዱቄት ቀድጄ፣ በጥቂት ውኃ ለውሼ፣ ጓንት አጥልቄ ድዱን ደጋግሜ ቀባሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጣቴን ነከሰኝ። እንደዚያ ያስደሰተኝ ንክሻ የለም።

ሐኪሙ ጋ ስደውል ኢንሱሊኑ ገና ሥራውን ስላልጨረሰ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል አሉ፤ እስከ ማታም እሳቸው ጋ አቆዩት። ከመሄዳቸው በፊት መምህርቷን ጠየቅኋቸው።

«ስንት ቀዱለት?»

«እንደ ተጻፈው፣ ሁለት።»

«እስቲ መርፌውን ያሳዩኝ።»

ከቦርሳቸው አወጡት። ክዳኑ ቀይ ነው። ልቤ ስንጥቅ አለ።

ለእንስሳት ተብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን በብዛት በአንድ ሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ይይዛል፤ ቀይ ክዳን ያለው መርፌ የተሰመረው ለዚያ ነው። እኔ የሸጥሁላቸው የሰው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው፤ የእሱ መርፌ ክዳን ብርቱካናማ ነው። በቀዩ መርፌ እስከ 2 ቁጥር ሲቀዳ 0.05 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ ይህም ከሰው ኢንሱሊን 5 ዩኒት ማለት ነው። ዳማ በእያንዳንዱ ጊዜ የታዘዘለትን ሁለት እጥፍ ተኩል ወስዷል፤ ያውም ስኳሩን ከፍ የሚያደርገውን ዳቦ መብላት ባቆመበት ሰሞን። ልጃቸው ለድመት ብላ ጠየቀች፣ የድመት መርፌ ሰጧት። ሐኪሙ 2 ብለው ጻፉ፣ እሳቸውም 2 ቀዱ። ብልቃጡንና መርፌውን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የነበረበት ሰው እኔ ነበርሁ፤ ማዘዣው ላይ የሰው ስም ቢኖር ኖሮ ደግሞ አየው ነበር።

ይህንኑ ሳልደብቅ ነግሬያቸው ይቅርታ ጠየቅሁ። ዝም ብለው አደመጡኝና «ትናንትም እኮ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ» አሉ።

የስህተት ሪፖርት ስጽፍ አንድ ባልደረባዬ «ለድመት?» ብሎ ሳቀ። አሁን አልሳቅሁም።

ዳማ ከጥቂት ወራት በኋላ ኢንሱሊን አቆመ። ቶሎ የታከመና ምግቡ የተስተካከለለት ድመት እንዲህ ሊሆንለት ይችላል። በሽታው ተመልሶ ሊመጣም ስለሚችል መምህርቷ አሁንም ጆሮውን ጠቅ አድርገው ይለካሉ፤ ከእኔ ይልቅ እጃቸው ይቀልላል። የተረፉትን ቀይ መርፌዎች አምጥተው አስረከቡኝ። መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጨመርኋቸው፤ አንዱን ግን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀረሁ። ደንበኛ «መርፌ አለኝ» ባለኝ ቁጥር አውጥቼ «ክዳኑ እንዲህ ነው?» እለዋለሁ።