ማታ ነጭ ሆኖ የታየን ጃኬት

አክስቴ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላይ ትንሽ ዓሣ ቤት አላት። ከጓሮው እስከ ውሃው ድረስ የእንጨት መሳፈሪያ ተዘርግቷል። ሁለት የሞተር ጀልባዎች እዚያ ያድራሉ። የጀልባው ቤንዚን ከነጀሪካኑ መጥፋት ሲጀምር «አንተ የመብራት ነገር ታውቃለህ፣ ካሜራ ግጠምልኝ» አለችኝ። አራት ገዛሁ። የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሦስት ወር ፈጀብኝ።

ቀን ላይ ምስሉ ግሩም ነበር። ልክ ሲመሽ ግን የመሳፈሪያው ካሜራ ይጠፋል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይጠፋል። ተበላሽቷል ብዬ በሌላ ቀየርኩት። ያም ያው ሆነ።

ነገሩ የገባኝ ካሜራው ማታ በምን እንደሚያይ ሳስብ ነው። በጨለማ የሚያየው ራሱ በሚያበራው ብርሃን ነው። ሌንሱን የከበቡት ትንንሽ ነጠብጣቦች ኢንፍራሬድ ኤልኢዲዎች ናቸው፤ የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ይለቃሉ። ሲጨልም ከካሜራው ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ቀን ኢንፍራሬድን የሚያግደው ማጣሪያ ከሴንሰሩ፣ ብርሃን ተቀብሎ ምስል ከሚሠራው ክፍል፣ ፊት ዞር ሲል ነው። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፣ ኤልኢዲዎቹም ይበራሉ። ያኔ ካሜራው የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። የእኔው ቀን 0.2 አምፔር ይወስድ ነበር፣ ማታ 0.5። አዳፕተሩ 12 ቮልት ይሰጣል፤ እኔ ግን እስከ መሳፈሪያው 40 ሜትር የዘረጋሁት ቀጭን ሽቦ ነው። ቴስተር ይዤ ካሜራው ጋ ስለካው ቀን 11.1 ቮልት ይደርሰዋል፣ ማታ 9.7። ጉልበት ሲያንሰው ይጠፋል፤ ሲጠፋ ቮልቱ ይመለስና እንደገና ይነሳል። ሽቦውን በወፍራም ቀየርኩና ተገላገልኩ። ደህናውን ካሜራ በከንቱ በመቀየሬ ያወጣሁት ብር ግን እስካሁን ይቆጨኛል። የካሜራ ገመድ የምትዘረጉ ሰዎች፣ እባካችሁ ቮልቱን ማታ ለኩ።

የበሩ ካሜራ ችግር ቀላል ነበር። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። ግድግዳው ብርሃኑን ስለሚመልሰው ምስሉ ግማሹ ወተት፣ ግማሹ ጨለማ ሆነ። ግድግዳው እንዳይታየው አዞርኩት፣ አለቀ።

ትንኙ ግን አሰቃየኝ። ጣና ዳር ያመሸ ሰው ያውቀዋል። ሌንሱ ሥር የምትበር ትንኝ ለኤልኢዲው በጣም ቅርብ ስለሆነች ማታ እንደ በረዶ ቁራጭ ታበራለች። ትንኝ ባለበት ሸረሪት አይጠፋም፤ ድሩን ሌንሱ ላይ ሲያደራ ሌላ ነገር አይታይም። መፍትሔው ብርሃኑንና ዓይኑን ማለያየት ሆነ። የካሜራውን ኤልኢዲ ከሜኑው አጠፋሁትና ለብቻው የሚሸጥ የኢንፍራሬድ መብራት ገዝቼ ሦስት ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ ሰቀልኩ። ስትገዙ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት 850 ናኖሜትር ወይስ 940 መሆኑን ጠይቁ። 850 ሩቅ ያሳያል፣ ግን በጨለማ ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ይመስላል። 940 ጨርሶ አይታይም፤ ሴንሰሩ ግን ያን ያህል ስለማይቀበለው ርቀቱ ያጥራል። እኔ 850 መረጥኩ።

አሁን ወደ ጃኬቱ ልምጣ። አንድ ጠዋት ጀሪካን ጠፋ። ቅጂውን ስናየው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነጭ ጃኬት የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሳል። ፊቱ አይታይም። የጀልባው ረዳት ልጅ ነጭ ጃኬት አለው። አክስቴ ጠራችው። «ጊዮርጊስን እኔ አይደለሁም!» ብሎ ማለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔም አላመንኩትም።

ያን ቀን ማታ ሞኒተሩ ላይ አፍጥጬ ሳለሁ የሌሊት ጥበቃችን በመሳፈሪያው ሲያልፉ አየኋቸው። ክረምቱን ሙሉ የማያወልቁት ጥቁር ጃኬት አላቸው። ሞኒተሩ ላይ ነጭ ነው! ደነገጥኩ። ሮጬ ሄጄ «ጋሼ፣ ጃኬትዎን ላየው» አልኳቸው። «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ። ጥቁር ነው፣ ጥቁር። ቤት ያለውን ጥቁር ልብስ ሁሉ አውጥቼ ካሜራው ፊት አንድ በአንድ ያዝኩት። አንዱ ነጭ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ብቻ እንደ ጥቁርነቱ ቀረ። ብዙ የልብስ ቀለም የምናየውን ብርሃን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን ግን አይውጠውም፤ ጨርቁ መልሶ ይረጨዋል። ዳር ላይ ያለው ደንገልም ማታ እንደ ባዘቶ ጥጥ ነጭቶ ሲታየኝ ከርሟል። አረንጓዴ ተክል ኢንፍራሬድን በደንብ ስለሚመልስ ነው። ወራት ሙሉ እያየሁት ልብ አላልኩም።

አክስቴ ልጁን በማግስቱ ጠርታ ይቅርታ ጠየቀችው። እኔም ጠየቅሁት። «ችግር የለም» አለ፤ ለሳምንት ያህል ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ማን እንደወሰደው እስካሁን አላወቅንም።

ከዚያ በኋላ መሳፈሪያው ጫፍ ላይ እንጨት ተከልኩና ቢጫማ የኤልኢዲ አምፖል ሰቀልኩበት። ከነጩ ይልቅ ትንኝ የሚጠራው በጥቂቱ ነው። ካሜራውን ማታም በቀለም እንዲቀርጽ አስተካከልኩት። የጓሮው ሁለት ካሜራዎች አሁንም በኢንፍራሬድ ናቸው። ሞኒተሩ ላይ፣ በእነሱ ምስል ሥር፣ በእጄ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፏል፦ «ማታ የልብስ ቀለም ከዚህ አይታወቅም»።