ሳላነበው ያለፍኩት የኮምፓይለር ማስታወሻ

በራስት የፕሮግራም ቋንቋ የምንጽፈው አገልግሎት ለተጠቃሚዎች መልእክት የሚያደርስ ሲሆን፣ በኢሜይል፣ በአጭር ጽሑፍና በሌሎች መንገዶች የሚልኩት ክፍሎች ሁሉ «ላኪ» ያልነውን አንድ ትሬት (አንድ ዓይነት ሊኖሩት የሚገቡትን ሜተዶች፣ ማለትም ተግባራት፣ የሚዘረዝር ውል) ያሟሉ ነበር። ዓይነታቸው የተለያየ በመሆኑ በአንድ ዝርዝር የምናስቀምጣቸው እያንዳንዱን በቦክስ (ወደ ዳታው በሚጠቁም መያዣ) ይዘን፣ ማለትም ትክክለኛ ዓይነቱ ተሸፍኖ በትሬቱ በኩል ብቻ በሚታይ ትሬት ኦብጀክትነት ነበር። አንድ ቀን ለሙከራ ኮድ የአንዱ ላኪ ቅጂ ስላስፈለገኝ፣ ትሬቱን የሚያሟላ ሁሉ ክሎንንም (ቅጂ ለመሥራት የሚያገለግለውን የራስት ትሬት) እንዲያሟላ የሚያስገድድ አንድ ቃል ጨመርኩ። ወዲያው ለወራት ያልነካኋቸው ፋይሎች ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) በሚያወጣው ኢ0038 በተባለ ስሕተት ተሞሉ።

ስሕተቱ ዝርዝሩ የተገለጸበትን መስመር ስለሚያመለክት፣ ጥፋቱ እዚያ መስሎኝ ቦክሱን በሪፈረንስ፣ ሪፈረንሱን በአርክ እየተካሁ ግማሽ ቀን አሳለፍኩ፤ መያዣውን መቀያየር ግን የትሬቱን ጠባይ አይለውጥም። ባልደረባዬ መጥታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ከታች ያለውን ማስታወሻ አንብበኸዋል?» አላነበብኩትም ነበር። ማስታወሻው ቃሉን የጨመርኩበትን መስመር ከነቁጥሩ ጠቅሶ፣ ትሬቱ መጠኑ የታወቀ ዓይነት ስለሚጠይቅ ኦብጀክት ሊሆን እንደማይችል ይናገራል።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ በወረቀት ላይ እየሣለች ነው። ትሬት ኦብጀክትን የምንይዝበት ቦክስ ሁለት ጠቋሚዎች ብቻ አሉት፤ በ64 ቢት ማሽን 16 ባይት ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ዳታው፣ ሌላው የሜተዶቹ አድራሻ ወደተመዘገበበት ቪቴብል ያመራል። ክሎን ግን የሚመልሰው ራሱን ዓይነቱን ስለሆነ፣ ጠሪው ኮድ ለቅጂው ስንት ባይት ቦታ እንደሚያዘጋጅ ማወቅ አለበት። የዓይነቱ መጠን በቪቴብሉ ውስጥ መመዝገቡ እውነት ነው፤ ሆኖም የሚነበበው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው፣ ራስት ደግሞ የተመላሹን እሴት መጠን አስቀድሞ፣ ኮምፓይል በሚደረግበት ጊዜ ይፈልገዋል። በኮምፓይለሩ ላይ የነበረኝ ቅሬታ የጠፋው ይህ ሲገባኝ ነው።

ክሎንን አንሥቼ፣ ቅጂውን በቦክስ አድርጎ የሚመልስ የራሳችንን ሜተድ በትሬቱ ላይ ጨመርኩ፤ የቦክሱ መጠን ምንጊዜም የታወቀ ነውና ስሕተቶቹ በሙሉ ጠፉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በዚያው ትሬት ላይ ጄኔሪክ ሜተድ (ከተለያዩ ዓይነቶች ጋር እንዲሠራ የሚጻፍ ሜተድ) ስጽፍ ኢ0038 ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ዝርዝሩን ሳልነካ በቀጥታ ወደ ማስታወሻው ወረድኩ። ጄኔሪክ ሜተድ ለሚጠራበት ለእያንዳንዱ ዓይነት የየራሱ ኮድ ስለሚወጣለት፣ ቁጥሩ በተወሰነ የቪቴብል መደብ ሊሰፍር አይችልም። ሜተዱ መጠናቸው ለታወቀ ዓይነቶች ብቻ እንደሚሠራ የሚገልጽ ገደብ ጨመርኩበት፤ ከቪቴብሉም ወጣ።