ጣቶቼ ዛሬ አመፁ
ዛሬ ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ ብለው ጀበናውን ማንሳት አቃተኝ፣ ቡናውን ልጄ ነች የቀዳችልኝ። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው የመታሽ» ይለኛል፣ የጎንደር ክረምት እርጥበቱ ያው ታውቁታላችሁ ግን የኔ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው፣ የሰውነት መከላከያው ራሱ ዞሮ መገጣጠሚያን ነው የሚያጠቃው። ሀኪሙም መጀመሪያ የጠየቀኝ ጠዋት ስትነሺ ድርቅ ብሎ የሚቆይብሽ ምን ያህል ነው ብሎ ነው፣ ከ30 ደቂቃ በላይ በየቀኑ የሚቆይ ከሆነ መታየት አለበት በቃ።

በሞቀ ውሃ ነክሬያቸው ቀስ በቀስ ሲላቀቁ አራዳ ገበያ ሄድኩ። ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያንገጫግጨኝ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም 😅 ሽንኩርቱን በሁለት ፌስታል አስደርጌ ክንዴ ላይ አንጠለጠልኩት፣ በጣት መሸከም የለም፣ ሸክሙ ትልቁ መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ይሻላል። በርበሬ የምትሸጠው እማማ አይታኝ «ልጄ ምነው ጠበል ብትጠመቂ፣ ያንን መርፌም ተወጊው፣ ጎረቤቴን አድኗታል» አለችኝ። ጠበሉንማ እጠመቃለሁ እማማ፣ መድኃኒቴን ግን አላቋርጥም አልኳት። መርፌው ዲክሎፌናክ ነው፣ ህመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆመውም፣ ሲበዛ ደግሞ ጨጓራም ኩላሊትም ይጎዳል። እኔ የምወስደው ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት በሳምንት አንዴ ብቻ ነው፣ በየቀኑ የሚወሰድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ኧረ ተጠንቀቁ አደገኛ ነው!

ነጭ ሽንኩርቱን ማን ይላጠው ብዬ እያሰብኩ ነው አሁን 😂 ሙቀት የሚይዝ የእጅ ጓንት ፒያሳ አካባቢ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ እስኪ።