ባዶ ግድግዳ አልወድም

አሁን አሁን የማየው አዲስ ቤት ሁሉ ነጭና ግራጫ ነው። አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴም ሳሎኗን እንዲሁ አደረገችና «ዐይን ያሳርፋል» አለችኝ። የእኔ ዐይን ግን ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት ዋለ።

ደብረ ማርቆስ ያለው ቤቴ ተቃራኒው ነው። ቀለም በቀለም፣ ጥለት በጥለት ላይ መደራረቡን የዲዛይን ሰዎች ማክሲማሊዝም ይሉታል። «ሲያንስ ይበልጣል» የሚለውን የዘመናዊ አርክቴክቸር መፈክር አሜሪካዊው አርክቴክት ሮበርት ቬንቱሪ እ.ኤ.አ. በ1966 «ሲያንስ ያሰለቻል» ብሎ አላግጦበታል። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የተሳለመ ሰው ግን ይህን ለመረዳት ቬንቱሪ አያስፈልገውም። የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ ሥዕል ነው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከነአንበሶቻቸውና ነብሮቻቸው። ሠዓሊው በምንም አልሰሰተም። ያም ሆኖ ዝርክርክ አይደለም፤ ታሪኩ ሁሉ ድንበርና ረድፍ አለው።

እናቴ የሰፋችው ሙዳይም እንዲሁ ነው። ውስጡ ስንደዶ ነው፤ በላዩ ላይ ቀይ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ የተነከረ አክርማ በወስፌ እየተጠቀጠቀ ዞሯል። ቀዩ ከወይን ጠጁ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር አስገብታለች። ያቺ መስመር ባትኖር ሁለቱ ቀለሞች ይዋዋጡ ነበር። መብዛት ልክ የለሽነት አለመሆኑን የተማርሁት ከዚህ ነው።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰውም ይመስክር። ፈረሱን ሲሸልም «ይህ ይበቃዋል» ብሎ እጁን የሚሰበስብ ፈረሰኛ እኔ አላየሁም። በዓል ነዋ! ደስታን ቆጥቦ ማሳየት ለማን ይጠቅማል?

«ማር ሲበዛ ይመራል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ተጭኖ የመጣ ዕቃ ይመራል። እኔ ግን ግድግዳዬን የሞላሁት በዓመታት ነው፤ የአያቴ ሰፌድ፣ የሠርግ ፎቶዎች፣ አክስቴ የጠለፈችው የትራስ ልብስ። ከፕላስቲክ አበባ ጋር ብቻ እስከ ዛሬ አልታረቅሁም።

ዋጋው አቧራ ነው። በበጋ ቅዳሜ ጠዋቴን ሙሉ ይበላኛል። ስፌት ያላችሁ ሰዎች በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፤ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቃል።