ሻንሲውን ሁለቴ በየድኩት

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነበር። መኪናዋ ቆማ መሪውን ስጠመዝዝ ከኮፈኑ ሥር "ቋ!" ይላል። ቴስቲኒ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው መጋጠሚያ) ነው ብዬ ቀየርኩ። "ቋ!" የባሌስትራውን፣ ማለትም የተደራረበውን የብረት ሞላ፣ ጎሚኒ ቀየርኩ። አሁንም "ቋ!" በመጨረሻ አንድ ሰው መሪው ላይ አስቀመጥኩና ሞተሩ እየሠራ ግራ ቀኝ እንዲያዞርልኝ አድርጌ ከፊት ተንበርክኬ አየሁ። የመሪው ቦክስ፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው፣ ከተሰቀለበት ብረት ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል። ጎማው ገና ሳይዞር የመኪናዋ አጽም፣ ሻንሲው፣ ይጣመማል!

ፒክአፗ የቆየች ናት። ከፊት ድፍን አክስልና ባሌስትራ አላት። ሻንሲዋ እንደ መሰላል ነው፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመሃል አግዳሚዎች። የመሪው ቦክስ ከአንደኛው ረጅም ብረት ጋር በቡሎን ታስሯል። ከልኳ በላይ የሆነ ሰፊ ጎማ ያሰርኩላት ደግሞ እኔው ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ሰፊ ጎማ በቆመበት ሲዞር መሬቱን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ያ ሁሉ ግፊት የሚያርፈው በጥቂት ቡሎኖችና በስስ ብረት ላይ ነው። ቦታውን በሽቦ ብሩሽ ሳጸዳው ከአንዱ የቡሎን ቀዳዳ የተነሳ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘሁ።

የመጀመሪያውን ጥገና ስተርክ አሁንም አፍራለሁ። ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው ብዬ 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ አመጣሁ። ሻንሲው ራሱ 4 ሚሊ እንኳን አይሞላም። አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት፣ ስንጥቁ ላይ ለጠፍኩት፣ ዙሪያውን በአንድ ትንፋሽ በየድኩት። ድምፁ ጠፋ። ለሳምንታት ደረቴን ነፍቼ ነዳሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ "ቋ!" ተመለሰ። አዲሱ ስንጥቅ የበየድኩት ላይ አልነበረም። ልክ ላሜራው ባለቀበት ጠርዝ፣ ከላይ ወደ ታች በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ወርዷል።

ነገሩ የገባኝ ሽቦ ስቆርጥ ነው። ሽቦ በፒንሳ ይዛችሁ ብታወዛውዙት የሚሰበረው የት ነው? ከፒንሳው አፍ ሥር። ሻንሲ ትንሽ ትንሽ እየተጣመመ የሚኖር ነገር ነው። እኔ አንዱን ቦታ ድርቅ ሳደርገው መጣመሙ ሁሉ ወደ ላሜራው ጠርዝ ሸሸ። የብየዳው ሙቀት ደግሞ እዚያው አጠገብ ያለውን ብረት ጎድቶታል። በገዛ እጄ የመቁረጫ መስመር አስምሬለት ነበር ማለት ነው።

ያንን ላሜራ በግራይንደር መፋቅ ሁለት ቅዳሜና እሁድ ፈጀ። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይሄ ነው። ከዚያ ስንጥቁ የት እንደሚያልቅ መለየት ነበረብኝ፤ ዓይን እዚህ ላይ አይታመንም። ነጭ ጋዝ ቀባሁት፣ ትንሽ ቆይቼ በጨርቅ አደረቅሁት፣ የተፈጨ ጠመኔ ነሰነስኩበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ እየወጣ ጠመኔውን አረጠበው። መጨረሻው ካሰብኩት አንድ ጣት ያህል አልፎ ሄዷል። እዚያ ጫፍ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በሳሁ፤ ክብ ቀዳዳ ጋር ሲደርስ ስንጥቅ ጉልበት ያጣል። ከዚያ መስመሩን በግራይንደር ቦይ አድርጌ፣ ብየዳው ሥር ድረስ እንዲገባ ሞላሁትና መልሼ አስተካከልኩት።

አሁን ማጠናከሪያው። ሻንሲው ከፊት በኩል እንደ ገንዳ አንድ ጎኑ ክፍት ነው። ክዳን የሌለው የጫማ ካርቶን ይዛችሁ ብታጣምሙት ወዲያው እሺ ይላል። ክዳኑን ገጥማችሁ በፕላስተር ብታሽጉት ግን እምቢ ይላችኋል። ስለዚህ ክፍቱን ጎን ዘጋሁት። የዘጋሁት ከሻንሲው ጋር በተቀራረበ 4 ሚሊ ላሜራ ነው፤ ጫፎቹን እንደ ጦር አሹዬ፣ ጥንካሬው ቀስ እያለ እንዲያልቅ። ጦሩ ጫፍ ላይ ብየዳው ሻንሲውን በአግድም እንዲያቋርጥ አላደረግሁም። በላሜራው ታችኛ ጫፍ ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ተውኩ፤ አለዚያ ከውስጥ ዝገት ይበላዋል።

የመሪው ቦክስ ቡሎኖች በሚያልፉበት ወፍራም ቱቦ ከጎን ወደ ጎን አሳለፍኩና ሁለቱን ጫፎች በየድኩ። ያለ ቱቦ የቡሎኑን ዳዶ ባጠበቅህ ቁጥር የተዘጋው ሻንሲ ይጨመደዳል፤ ሲጨመደድ ቡሎኑ ይላላል። ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ሥራ ብባል ቱቦውን እመርጥ ነበር።

ስበይድ 3 ሴንቲ ሜትር እዚህ፣ 3 ሴንቲ እዚያ ማዶ፣ ከዚያ እጄን እስኪያስችለኝ መጠበቅ። ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ በአንድ ትንፋሽ ከተበየደ ሻንሲውን ይዞት ይታጠፋል። በየመሃሉ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ በአግድሞሽ ለካሁ። ሲያልቅ በሁለቱ መስመሮች መካከል የነበረው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በፊት ባትሪውን ፈትቻለሁ፣ የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎችን አርቄያለሁ፣ የብየዳውን መሬት ገመድ ከምበይድበት አጠገብ አስሬያለሁ፤ ራቅ ካለ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ በኩል ሊያልፍና ሊያቃጥለው ይችላል። "አንድ ነጥብ ብቻ ናት" ብዬ ያለ ጭንብል የበየድኩባት ቅጽበትም አለች። ሌሊቱን ዓይኔ አሸዋ የገባበት ይመስል ስገላበጥ አነጋሁ።

ሁለቱን ጎኖች የሚያያይዝ አግዳሚም ከሞተሩ ሥር ጨመርኩ። መጀመሪያ ልበይደው ነበር። ብረቱን ይዤ ከሥር እንደተጋደምኩ ኮፓውን፣ የሞተሩን ዘይት መያዣ፣ ቀና ብዬ አየሁና ሳቄ መጣ። ከተበየደ ኮፓው በየት በኩል ይወርዳል? በቡሎን አሰርኩት።

ይህን ሁሉ አዲስ መኪና ላይ አልሞክረውም። የአዲሶቹ ፊት በግጭት ጊዜ እንዲጨማደድና ኤርባጉ በሰዓቱ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ማጠንከር ያንን ያበላሻል።

ጎማ አስለክቼ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዳሁ በኋላ ቡሎኖቹን ደግሜ አጠበቅሁ። ሁለቱ ትንሽ እሺ ብለውኛል። የበየድኩትን ቦታ ሆን ብዬ ነጣ ባለ ግራጫ ቀባሁት፣ ስንጥቅ ቢመጣ እንዲታየኝ። በየወሩ የእጅ ባትሪ ይዤ ከሥር እገባለሁ። ባለፈው፣ ልክ ጦሩ ጫፍ ላይ፣ ቀጭን ጥቁር መስመር አየሁ። ትንፋሼን ይዤ በአውራ ጣቴ ጠረግሁት። የሸረሪት ድር ነበር።