ላይፍቦይና የማስታወቂያው ጉዞ

በጎንደር ሱቆች ከምናገኛቸው የገላና የእጅ ሳሙናዎች መካከል ቀዩ ላይፍቦይ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው። ሌቨር ወንድማማቾች የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ሲሆን (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)፣ መለያው ካርቦሊክ አሲድ ወይም ፌኖል የተባለው ንጥረ ነገር ነበር። ሐኪሙ ጆሴፍ ሊስተር ከ1865 ጀምሮ በግላስጎው የቁስል መመርቀዝን የተከላከለው በዚሁ አሲድ በመሆኑ፣ ሳሙናው የሆስፒታል ሽታ ይዞ ወደ ቤት ገባ፤ ገዢውም ያንን ሽታ የጤና ዋስትና አድርጎ ተቀበለው።

በአሜሪካ ግን ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ማስታወቂያው ወደ ሰውነት ጠረን ዞረ። በጠረኑ ምክንያት ከሰው የተገለለ፣ ፍቅሩም ሥራውም የተበላሸበት ሰው በጋዜጣ ላይ በተከታታይ ሥዕሎች ይታያል፣ በመጨረሻም ሳሙናው ይታደገዋል። ገበያን በኀፍረት መክፈት ይቻላል፤ እኔ ግን ይህን ምዕራፍ አልወደውም፤ ምክንያቱም ሰውን ከሕመም ከመጠበቅ ይልቅ ስለ ራሱ እንዲሸማቀቅ አድርጓል።

የማደንቀው በ2013 በሕንድ አላሃባድ፣ በታላቁ የኩምብ ሜላ መንፈሳዊ በዓል ላይ የተሠራውን ነው። ከ2 ሚሊዮን በላይ ቂጣዎች ላይ «እጅህን በላይፍቦይ ታጥበሃል?» የሚል ጥያቄ በጋለ ማኅተም ታተመ። በእጁ ለሚበላ ሕዝብ መልእክቱ የደረሰው እጅ ወደ ምግብ በሚዘረጋበት ቅጽበት ነበር። በጥምቀት ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣውን እንግዳ በአንድ ትሪ ዙሪያ ለምናስተናግድ ለእኛ ለጎንደሬዎች ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። እኛም ዘንድ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ልጅ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ከታላቅ ጀምሮ ያስታጥባል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚፈስሰው ውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙናው የሚቀርበው ከተበላ በኋላ፣ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ነው።

ታዲያ ሳሙናው የግድ ጀርም ገዳይ የሚል ጽሑፍ ያለበት መሆን አለበትን? በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የካራቺ ጥናት ይህን ይመልሳል። ሳሙና ከእጅ መታጠብ ትምህርት ጋር በተሰጣቸው ቤተሰቦች ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች በ50 በመቶ፣ ከ15 ዓመት በታች ባሉት ላይ ተቅማጥ በ53 በመቶ ቀንሶ ተገኘ፤ ተራው ሳሙናም ጸረ ባክቴሪያ ከተጨመረበት ጋር እኩል ሠራ። በ2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ንጥረ ነገሮች በእጅና በገላ መታጠቢያ ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ የከለከለውም፣ ከተራ ሳሙና እንደሚበልጡ አምራቾቹ ማስረጃ ስላላቀረቡ ነው። ሳሙና በዋናነት የሚሠራው ቅባቱንና በላዩ የተጣበቁትን ተሕዋስያን ከቆዳ አላቅቆ ለውሃው በማስረከብ ነው።

ስለዚህ ላይፍቦይ መግዣ የሌለው ቤተሰብ ከልብስ ሳሙናው ቁራጭ ቆርጦ ከማንቆርቆሪያው ጋር ቢያስቀምጥ ይበቃዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈርም እጅን ጥቂት አርጥቦ፣ በጣቶች መካከልና በጥፍር ሥር ሳይቀር ደህና አድርጎ በሳሙና ካሹ በኋላ፣ የቀረውን ውሃ ለማለቅለቂያ ማዋል ይቻላል።