ምን እናበላታለን?

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ በዓታ ነው፤ እመቤታችን ማርያም በሕፃንነቷ ወደ ቤተ መቅደስ የገባችበት በዓል። ከቅዳሴ መልስ ልጆቹ ጀምበሯ ሳትቆለቆል ፀሐይ ሊሞቁ ከአባታቸው ጋር ወጥተዋል፤ የዘንድሮ ውርጭ ገና በታኅሣሥ መጀመሪያ አጥንት ይሰብራል። እኔ የሰማሁት ትምህርት ሳይበርድብኝ ልጻፈው ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

መምህሩ የተናገሩትን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ሐና እና ኢያቄም ስእለታቸውን ሊፈጽሙ የ3 ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሄዱ። ካህኑ ዘካርያስ ሕፃኗን ሲያይ ጭንቅ ያዘው። ምን እናበላታለን? ምን እናጠጣታለን? ምን እናነጥፍላታለን? ምንስ እንጋርድላታለን? ሕዝቡ ተሰብስቦ ይህን ሲያወጣ ሲያወርድ መልአኩ ፋኑኤል ሰማያዊ ኅብስትና ሰማያዊ ጽዋ ይዞ ታየ። ዘካርያስ ለእርሱ የመጣ መስሎት ቢቀርብ መልአኩ ወደ ላይ ራቀ። በኋላ ሐና ልጇን ትታ እልፍ ስትል ወረደ፤ አንድ ክንፉን አንጥፎ፣ አንድ ክንፉን ጋርዶ መገባት።

ዓመት በዓመት የምሰማው ታሪክ ዘንድሮ ለእኔ የተነገረ መሰለኝ። እነዚያን አራት ጥያቄዎች እኔም ሌሊት ሌሊት እጠይቃቸዋለሁና።

ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ጭኖ በደብረ ሲና አቀበት፣ በጣርማ በር ዋሻ በኩል ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። ያ መንገድ ድሮም ቢሆን ጉሙ ያስፈራል፤ ክረምት ላይ የፊት መብራት የማይበሳው ጉም ነው። ጉሙን ግን ለምደነዋል። ያልለመድነው የመንገዱን አንድ ቀን መከፈት፣ ሌላ ቀን መዘጋት ነው። ስልክ የማይጠራባቸው ሌሊቶች ነበሩ። እነዚያን ሌሊቶች በዝርዝር አልጽፋቸውም፤ ባሏ ወይም ልጇ መንገድ ላይ ያለባት ሴት ሁሉ ታውቃቸዋለች። እርሱ በደኅና ገባልኝ፤ ተመስገን። ባለንብረቱ ግን በዚህ ሁኔታ መኪናዬን አላሠራም ብሎ አቆመው፤ አልፈርድበትም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን የሚገባ ደመወዝ የለም።

ጭንቀት ወደ ሰው የሚገባበት የየራሱ በር አለው። የእኔ በጓዳ በኩል ነው የሚመጣው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ብንን እላለሁ፤ ማንም እንዳይነቃብኝ መብራት ሳላበራ ጓዳ እገባና የዱቄቱን ከረጢት ከውጭ በእጄ እዳብሰዋለሁ። ከታች ጀምሬ ወደ ላይ እየዳበስኩ ዱቄቱ የሚያበቃበትን፣ ከረጢቱ ባዶውን የሚታጠፍበትን ቦታ እፈልጋለሁ። ትናንት ከነበረበት ዝቅ ብሎ አገኘዋለሁ፤ ዝቅ ማለቱንም ሳልነካው አውቀዋለሁ። ሆኖም እዳብሰዋለሁ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ስልኩ ሲሠራልን እንነጋገራለን፤ ሁልጊዜ የምትለኝም አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም።» ይህን ቃል ሌላ ሰው ቢለኝ ከአፍ የማያልፍ ማጽናኛ ነው እል ይሆናል። እናቴ ግን የ1977ን ክፉ ቀን በዓይኗ ያየች ሰው ናት። ሳይበላ ያደረ፣ አድሮም ያልተነሣ ሰው እንደነበረ አጥታው አይደለም። አውቃው ነው እንዲህ የምትለው። እኔም ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ ይህ ነበር፤ ያየችውን አይታ እንዴት እንዲህ ትላለች?

መጽሐፉም ራሱ አይሸሽገውም። በሰሙነ ሕማማት የምንሰማው ሰቆቃወ ኤርምያስ በ3ኛው ምዕራፍ ርኅራኄው አያልቅም፣ ማለዳ ማለዳ አዲስ ነው ይላል። ይህን ጥቅስ በየግድግዳው፣ በየመኪናው መስታወት ላይ እናየዋለን። ገጹን ገልጠን 4ኛውን ምዕራፍ ስናነብ ግን ሕፃናት እንጀራ ለመኑ፣ የሚቆርስላቸውም አልነበረም ተብሎ ተጽፏል። ይህም የአንድ መጽሐፍ፣ የአንድ ሐዘንተኛ ቃል ነው። ኢየሩሳሌም ፈርሳ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ ጎዳናው ጭር ባለበት ነው ምሕረቱ አያልቅም የተባለው። እናቴ የምትናገረው ከዚያ ወገን ሆና ነው። ዘንድሮ ገባኝ። መከራ አይደርስም ብሎ መታመን ሌላ ነው፤ በመከራው ውስጥ የያዘኝ እጅ አይለቀኝም ብሎ መታመን ሌላ ነው። እኔ የምፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም ቃል አልገባልኝም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ዳዊት የምደግመው በየዕለቱ ክፍፍሉ ስለሆነ ነገ ከ131 እስከ 150 ያለው ይደርሳል። ከመካከሉ 135ኛውን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። 26 ጊዜ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። ድሮ ድግግሞሹ ለዜማው ይመስለኝ ነበር። በዚህ በጭንቁ ወራት ቀስ ብዬ ሳነበው ግን መንገዱን አየሁት። ሰማያትን በብልሃት የሠራ ብሎ ይጀምራል፤ ምድርን በውኃ ላይ ያጸና፣ ፀሐይን ለቀን ጨረቃንና ከዋክብትን ለሌሊት ያሠለጠነ ይላል። ከዚያ ወደ ግብፅ ይወርዳል፣ ባሕሩን ይከፍላል፣ ሕዝቡን በምድረ በዳ ይመራል፣ ሴዎንና ዐግ የሚባሉ ነገሥታትን ይጥላል። እንዲህ ያለ ታላቅ ነገር ቆጥሮ ቆጥሮ ከመዝጊያው በፊት በ25ኛው ቁጥር ላይ ምን ይላል? «ለሥጋ ሁሉ ምግብን የሚሰጥ፤ ምሕረቱ ለዘላለም ነውና።»

ከፀሐይና ከባሕር መከፈል እኩል እንጀራ ተቆጠረ! ዳዊት የዕለት ምግብን ለእግዚአብሔር የማይመጥን ትንሽ ነገር አላደረገውም። እኔ ስለ ዱቄት ስጸልይ አፍር ነበር። ሰው አገር እንድትድን፣ ደም እንዳይፈስ በሚለምንበት ጊዜ የእኔ ከረጢት ምን ጉዳይ ነው እያልኩ አጉረመርም ነበር። አሁን ሁለቱንም አብሬ እለምናለሁ፤ የአገሩን ሰላም፣ የመንገዱን መከፈት፣ የጓዳዬንም ጉዳይ። በአንድ መዝሙር ከተሰለፉ በአንድ ጸሎት ቢሰለፉ ምን ይከፋል?

የትናንቱን ላንሣ። ጎረቤታችን እማማ ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጡረታቸው ምን ያህል እንደሚያወላዳ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሲመሽ በነጠላቸው ጫፍ የሸፈኑት ቁና ይዘው መጡ። በሶ ነው። ገብሱን ራሳቸው በሙቀጫ ሸክሽከው፣ ቆልተው ነው ያስፈጩት፤ ገና ሽታው ቤቱን ሞላው። «እማማ፣ ይህን ሁሉ ለምን ለእርስዎ አላስቀሩም?» አልኳቸው። «ልጄ፣ የበዓታ ነው እኮ፤ የእኔ ነው ብዬ መጣሁ? እመቤቴ የሰጠችኝን ነው፤ ቅመሱልኝ» ብለው፣ አልቀመጥም ብለው፣ ቁናውን እስክገለብጥላቸው ቆመው ጠበቁኝ። ስለ ባለቤቴ ሥራ አንድ ቃል አላነሡም፤ «ቸግሯችኋል አሉ» አላሉም። የሚሰጡት የእመቤታችን ሆነ፤ እኔም የተቀበልኩት ከእመቤታችን ሆነ፤ በመካከላችን የሚያፍር ሰው አልቀረም።

በአገራችን ሰው ዝክር የሚዘክርበት፣ በበዓል ስም ጎረቤቱን የሚያጎርስበት ወግ እንዴት ያለ ጥበብ እንደሆነ ትናንት በእጄ ዳሰስኩት። ኤልያስም በድርቁ ዘመን የተላከው ወደ ባለጠጋ አይደለም። ሁለት እንጨት ለቅማ የመጨረሻውን እፍኝ ዱቄት ጋግራ ከልጇ ጋር በልታ ለመሞት ወደተዘጋጀች መበለት ነበር የተላከው። እግዚአብሔር ሲመግብ ብዙ ጊዜ በባዶ ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እማማን አይቼ ግን እውነት መሆኑን እመሰክራለሁ።

ወደ በዓታ ልመለስና፣ እኔ እናት ስለሆንኩ ልቤ የሚቀረው ሐና ላይ ነው። የካህናቱ ጥያቄ አንድ በአንድ ተመለሰ፤ ምን እናብላት ላሉት ኅብስቱ፣ ምን እናጠጣት ላሉት ጽዋው፣ ምን እናንጥፍ ላሉት አንዱ ክንፍ፣ ምን እንጋርድ ላሉት ሌላው ክንፍ። ነገር ግን መልሱ የወረደው እናቲቱ እልፍ ስትል ነው። ያቺ ብዙ ዘመን በመካንነት አልቅሳ ያገኘቻት አንዲት ልጅ ናት። ትታት ፈቀቅ ስትል እግሯ እንዴት ታዘዘላት? መምህሩ ይህን ሲናገሩ ታናሿ ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ ሳላስበው እጄን ከጀርባዋ ላይ አነሣሁ። ልጆቼን ከእኔ ይልቅ የሚወዳቸው አለ። ይህን በአፌ ስለው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን በእጄም ልለው ሞከርኩ።

እስራኤል በምድረ በዳ 40 ዓመት መና ሲበሉ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተልቶ ይሸት ነበር፤ ለሰንበት ከተሰበሰበው በቀር። የዕለቱን የዕለቱን ነው የተሰጣቸው። ሙሉ ጎተራ ብለምንም የተሰጠኝ አንድ ቁና በሶ ነው፤ ለጾሙ ሰሞን ደግሞ ከበሶ የሚሻል ምን አለ? ልጆቹ ጠዋት በጨውና በበርበሬ በጥብጬላቸው ጠጥተው ትምህርት ቤት ደርሰው መጡ።

ይህን ማስታወሻ ሆን ብዬ ዛሬ ጻፍኩት። የቤት ኪራዩ ታኅሣሥ 30 ይከፈላል፤ ገንዘቡ እስካሁን የለም። ነገሩ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ተመስገን ማለት ይቀላል፤ እኔ ግን ሳይስተካከል ማለት ፈለግኩ። ባለቤቴ ሰኞ በማለዳ ወደ አረርቲ ይሄዳል፤ በምንጃር የጤፍ አጨዳና ውቂያው ወቅት ስለሆነ ጫኝ መኪና የያዘ አንድ ወዳጁ ረዳት ሹፌር ይፈልጋል ብለውታል። ይሁን አይሁን አናውቅም። ለመንገዱ ከበሶው በላስቲክ ቋጥሬለታለሁ።